"እሱ" ማን ነው? በሎዥባን ታሪክ ስጽፍ የያዝኩት ማስታወሻ

ሰኞ

በሎዥባን አንድ አጭር ታሪክ ጀምሬያለሁ። ማርታ ደብዳቤ ትጽፋለች። ዳዊት ደብዳቤውን ለሰሎሞን ያደርሳል። የሰሎሞን ውሻ መሀል ይገባና ደብዳቤውን ቅርጥፍ አድርጎ ይበላዋል። አለቀ። ታሪኩን ለውበቱ አልመረጥኩትም። አንድ ነገር ልፈትንበት ነው፦ ሁለት ወንዶች፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ውሻና አንድ ወረቀት ባሉበት ታሪክ ውስጥ "እሱ" ሲባል ማን ነው?

በአማርኛም ጣጣው አለ። "ዳዊት ሰሎሞንን አየው። ከዚያ ጠራው።" ማን ማንን ጠራ? አብዛኛው ሰው ጠሪው ዳዊት ነው ይላል፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን አልተናገረም። ማርታ ብትሆን ጾታው ያድነን ነበር። "ጠራችው" ካልን ነገሩ አለቀ። ሎዥባን ግን በተውላጠ ስሙ ላይ ጾታ አያሳይም። ነጠላና ብዙም አይለይም። ሰውና ድንጋይም ለእሱ እኩል ናቸው። ስለዚህ ሌላ መላ መፈለግ አለበት። መላው ደግሞ ብዙ ነው፤ እኔን የሳበኝም እሱ ነው።

ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ፦ ሎዥባን ሰዎች አስበው የሠሩት ቋንቋ ነው። ሥሩ ጄምስ ኩክ ብራውን በ1955 መሥራት የጀመረው ሎግላን ነው። ሎጂካል ላንጉጅ ግሩፕ የተባለው ማኅበር በ1987 ተመሥርቶ ሎዥባንን ለብቻው አሳደገው። ጆን ካወን የጻፈው ዋናው የሰዋስው መጽሐፍ በ1997 ታተመ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የቋንቋው ትልቁ ኩራት አንድ ዐረፍተ ነገር አንድ መዋቅር ብቻ ያለው መሆኑ ነው። ኮምፒውተር ሳያመነታ ይተነትነዋል። መዋቅሩ ግልጽ ሆነ ማለት ግን "እሱ" ማን እንደሆነ ታወቀ ማለት አይደለም። ያንን የሚያውቀው ጸሐፊው ነው። ጸሐፊው ካልተጠነቀቀ አንባቢው ይጠፋል።

ያው ሰኞ፣ ማታ

መጀመሪያ የፊደሉን ነገር ልጨርስ። ሎዥባን አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ሰዋስው ግን የሚጨነቀው ለድምፁ ነው፤ እንደተጻፈ ይነበባል፣ እንደተነበበ ይጻፋል። እኔ በግዕዝ ፊደል እየጻፍኩት ነው። ደግሞ አለምንም ትግል ገባ።

ተነባቢዎቹ 17 ናቸው፦ በ፣ ሸ፣ ደ፣ ፈ፣ ገ፣ ዠ፣ ከ፣ ለ፣ መ፣ ነ፣ ፐ፣ ረ፣ ሰ፣ ተ፣ ቨ፣ ኸ፣ ዘ። ሁሉም እኛ ጋ አሉ። አናባቢዎቹ 6 ናቸው። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ አምስቱን ይይዛሉ። ስድስተኛው ላላ ያለ ድምፅ ነው፤ "በ" ስንል መጨረሻ ላይ የምትሰማው። እሱን ግዕዙ ይይዛል። ሳድስ አናባቢ ለሌለው ተነባቢ ይሆናል። "ክላማ" (መሄድ) ስንል "ክ" ላይ ሳናውቀው ትንሽ ድምፅ እናስገባለን አይደል? ሎዥባን እሷንም ይፈቅዳል። አፋቸው የተነባቢ ድርድር ለሚከብደው ሰዎች ተብሎ የተተወ በር አለ፤ የእኛ ሳድስ በዚያው በር ይገባል።

ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። በሎዥባን የአንድ ተነባቢ ፊደል ስም የሚሠራው ያንን ላላ ድምፅ ከኋላው በመጨመር ነው። ስለዚህ የፊደሎቹ ስም በ፣ ደ፣ ገ፣ ሰ ነው። ልክ እኛ እንደምንጠራቸው። ይሄ ለነገ ሥራዬ በጣም ይጠቅመኛል።

ለፋታ ምልክት ሁለት ነጥቧን መርጫለሁ፦ ፡። ሎዥባን ውስጥ ፋታ የሰዋስው አካል ነው። ስሞች ከፊትና ከኋላ ፋታ ይፈልጋሉ። አንድ ፊደል ብቻውን ሲቆምም ከኋላው ፋታ ይኖራል። ይህቺ ነጥብ ድሮ ቃል ከቃል ትለይ ነበር፤ አሁን ሥራ አገኘች።

ማክሰኞ

ስሞቹን አዘጋጀሁ። የሎዥባን ስም በተነባቢ መጨረስ አለበት። ዳዊት እንዳለ ገባ። ሰሎሞንም ገባ፤ በስም ውስጥ ላላው ድምፅ ስለሚፈቀድ "ሰ" እንኳ አልተነካችም። ማርታ በአናባቢ ስለምታልቅ "ማርታስ" ሆነች። ከስም በፊት "ላ" ይገባል። በስሙ ሳይሆን በምንነቱ ለሚጠራ ደግሞ "ሎ"፦ ሎ ጌርኩ ውሻው ነው፣ ሎ ኻትራ ደብዳቤው።

የመጀመሪያው ሙከራ ስምን መድገም ነው። ተውላጠ ስም የሚባል ነገር ሳይነኩ፣ በየዐረፍተ ነገሩ ላ ፡ዳዊት፡ እያሉ መሄድ። ስሕተት የለውም። ግን እያንዳንዱ ስም ሁለት ፋታ ስላለው ንባቡ እንደሚንተባተብ ሰው ይሆናል። ጮክ ብዬ አነበብኩት። አይሆንም።

ቀጥሎ "ሪ" አለ። ሪ ማለት "አሁን የተጠራው" ነው። ላ ፡ዳዊት፡ ቪስካ ላ ፡ሰሎሞን፡ ፡ኢ ሪ ሽሚላ። ዳዊት ሰሎሞንን አየ፤ ሳቀ። ("፡ኢ" አዲስ ዐረፍተ ነገር ትከፍታለች።) የሳቀው ሰሎሞን ነው፤ ጥርጥር የለውም፤ መጨረሻ የተጠራው እሱ ነው። ዳዊት ሳቀ ለማለት ከፈለግኩ "ራ" አለ፤ ቀደም ብሎ የተጠራ። "ሩ" ደግሞ ከዚያም የራቀ። ችግሩ ራና ሩ ልክ የላቸውም። "ቀደም ብሎ" ስንት ነው? ሪ ላይ ቁጥር ለጥፎ ከኋላ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ማለት ይቻላል። እንዲያ ሲሆን አንባቢው ጣቱን ወረቀት ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ሊቆጥር ነው። ለአጠገብ ነገር ሪን እወዳታለሁ። ከዚያ ለራቀ አልጠቀምባትም።

ሦስተኛው መንገድ መጽሐፎቹ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ነው። አሥር ባዶ ተውላጠ ስሞች አሉ፦ ኮሃ፣ ኮሄ፣ ኮሂ፣ ኮሆ፣ ኮሁ፤ ፎሃ፣ ፎሄ፣ ፎሂ፣ ፎሆ፣ ፎሁ። ሁሉም ባዶ ናቸው። "ጎይ" በምትባል ቃል ከአንድ ሰው ጋር ታስራቸዋለህ። ላ ፡ዳዊት፡ ጎይ ኮሃ ካልክ፣ ከዚያ ወዲያ ኮሃ ዳዊት ነው። ገልብጠህ ኮሃ ጎይ ላ ፡ዳዊት፡ ብትልም ያው ነው፤ ጎይ የታወቀውን ካልታወቀው ጋር ታስራለች እንጂ ከየት እንደጀመርክ አትጠይቅም። አሥሩ ካነሱህ "ኺ" ብለህ ቁጥር መለጠፍ ትችላለህ፦ ኮሃ ኺ ቮ፣ አራት ቁጥር ኮሃ። ማለቂያ የለውም። ሁሉንም ፈትተህ እንደ አዲስ ለመጀመር ስትፈልግ ደግሞ "ዳሆ" ትላለህ።

ሙሉ ታሪኩን በዚህ ጻፍኩት። ሰዋስውን የሚመረምረው የኮምፒውተር ፕሮግራም አለፈ አለኝ። (መርማሪው ፕሮግራም ግዕዝ አያነብም፤ ለእሱ በላቲን ገልብጬ እሰጠዋለሁ።) እኔ ግን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ኮሂ ውሻው ይሁን ደብዳቤው ለማየት ወደ ላይ መመለስ ነበረብኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ! ኮሂ የሚለው ድምፅ ውስጥ ውሻን የሚያስታውስ ምንም ነገር የለም። ለሎጂክ ፈተና ጥሩ ነው። ለታሪክ ደረቅ ነው።

ሐሙስ

ዛሬ ዋናው ቀን ነው። ፊደል።

ሎዥባን ውስጥ የፊደል ስም ብቻውን ሲቆም ተውላጠ ስም ነው። ደ፡ ማለት "በደ የሚጀምረው" ነው። ምንም ማሰር አያስፈልግም። ልማዱ እንዲህ ነው፦ ፊደሉ የሚያመለክተው በዚያ ፊደል ከሚጀምሩት ውስጥ መጨረሻ የተጠራውን ነው። "ላ" እና "ሎ" አይቆጠሩም፤ የሚቆጠረው ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ቃል ነው። ስለዚህ ሎ ጌርኩ "ገ፡" ይሆናል፣ ሎ ኻትራ "ኸ፡"፣ ላ ፡ማርታስ፡ "መ፡"።

ሎ ጌርኩ ሹ ዤርሲ ላ ፡ዳዊት፡ ፡ኢ ገ፡ ባትሺ ደ፡። ውሻው ዳዊትን አባረረው። ነከሰው። ("ሹ" ግሱ እዚህ ጀመረ ትላለች።) ነካሹ ገ፡ ነው፣ ተነካሹ ደ፡። ወደ ላይ መመለስ የለም። አንባቢው "ገ" ሲሰማ ጌርኩ ይመጣለታል፤ ኮሂ ሲሰማ ምንም አይመጣለትም። አጭርም ነው። ላ ፡ዳዊት፡ ሦስት ቀለምና ሁለት ፋታ ነው። ኮሃ ሁለት ቀለም ነው። ደ፡ አንድ።

የታሪኩ አንደኛ ረቂቅ ይኸው፦

ላ ፡ማርታስ፡ ሺስካ ሎ ኻትራ
፡ኢ መ፡ ዱንዳ ኸ፡ ላ ፡ዳዊት፡
፡ኢ ደ፡ ቤቭሪ ኸ፡ ላ ፡ሰሎሞን፡
፡ኢ ሎ ሰ፡ ጌርኩ ጎይ ገ፡ ሹ ሌብና ኸ፡ ቦይ ደ፡
፡ኢ ገ፡ ሺትካ ኸ፡
፡ኢ ደ፡ ታቭላ ሰ፡ ቦይ ኸ፡
፡ኢ ሰ፡ ሽሚላ

ማርታ ደብዳቤ ጻፈች። ለዳዊት ሰጠችው። ዳዊት ወደ ሰሎሞን ወሰደው። የሰሎሞን ውሻ ከዳዊት ነጠቀው። በላው። ዳዊት ለሰሎሞን ስለ ደብዳቤው ነገረው። ሰሎሞን ሳቀ።

አራተኛው መስመር ላይ ትንሽ ልቁም። "ሎ ሰ፡ ጌርኩ" ማለት የሰሎሞን ውሻ ነው። ፊደሉ "ሎ" እና "ጌርኩ" መሀል ሲገባ ባለቤትነትን ያሳያል። ያኔ ግን ሐረጉ በየትኛው ፊደል ጀመረ ይባላል? በሰ ወይስ በገ? አንባቢን እዚህ ማስጨነቅ አልፈለግኩም። "ጎይ ገ፡" ብዬ በግልጽ አሰርኩት። ጎይ ለኮሃ ብቻ አይደለችም፤ ለፊደልም ትሠራለች። በጎይ የታሰረ ፊደል ደግሞ በልማድ ከሚገመተው ይበልጣል።

አሁን "ቦይ"። ይህቺ ትንሽ ቃል ባትኖር ታሪኩ ይበላሽ ነበር። ሁለት ፊደሎች ተከታትለው ከመጡ ሎዥባን እንደ አንድ ስም ያያቸዋል፤ ልክ እንደ ምህጻረ ቃል። ኸ፡ ደ፡ ብለህ መሀላቸው ፋታ ብታደርግም አይለያዩም። "ኸ.ደ. የሚባል ሰው" ይሆናሉ። ስለዚህ "ከዳዊት ደብዳቤውን ነጠቀ" ያልከው "ኸ.ደ.ን ነጠቀ" ይሆንልሃል። የሚያናድደው ፕሮግራሙ ይሄን አለፈ ማለቱ ነው። መዋቅሩ ትክክል ነዋ! ነጣቂ አለ፣ ተነጣቂ አለ፣ ከማን እንደተነጠቀ ባይነገርም ይፈቀዳል። ትርጉሙ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ቦይ የፊደል ድርድር እዚህ አበቃ ትላለች፤ ሁለቱ ይለያያሉ።

ከቁጥር ጋርም ያው ነው። ደ፡ ቤቭሪ ኸ፡ ሺ ጌርኩ ብል፣ ዳዊት ደብዳቤውን ለሦስት ውሾች ወሰደ ማለቴ ነበር። ግን ቁጥሯ "ሺ" ከኸ ጋር ትጣበቅና ኸ3 የሚባል ነገር ይሆናል፤ ጌርኩ ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል። ይሄኛውን እንኳ ፕሮግራሙ አያሳልፍም። ቦይ ስትገባ ይስተካከላል።

ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ ቦይ የለችም። አያስፈልግማ። ከኸ፡ ቀጥሎ "ላ" አለ፤ ላ ፊደል ስላልሆነ ድርድሩ እዚያው ይቆማል። ቦይን በየቦታው መርጨት ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል፤ ሲነበብ ግን ይጎረብጣል።

ያው ሐሙስ፣ አጭር

ፊደሉ ሁሌ ተውላጠ ስም ከሆነ ስለ ፊደሉ ራሱ እንዴት ይወራል? "ሜሆ" ይጨመራል። ሜሆ ሰ፡ ፊደሏ ናት፣ ሰ፡ ሰሎሞን ነው። ፊደልን እንደ ሒሳብ ብዛት መጠቀም ሲያስፈልግም በ"ቬይ" መጠቅለል ነው። ነ፡ ጌርኩ ካልክ "ነ ውሻ ነው" አልክ፤ ቬይ ነ፡ ቬሆ ጌርኩ ካልክ "ነ ያህል ውሾች" አልክ። የሒሳብ ሰዎች ይሄን ቶሎ ይለምዱታል። እኔ ለታሪኬ አያስፈልገኝም።

ንግግር ላይ ያለው ደግሞ ቀላል ነው። "ዶይ ፡ሰሎሞን፡" ካልክ ከዚያ ወዲያ "ዶ"፣ ማለትም አንተ፣ ሰሎሞን ነው። "ሚሄ ፡ማርታስ፡" ካልክ "ሚ"፣ ማለትም እኔ፣ ማርታ ናት። ስም ጠርተህ እኔና አንተን ታስራለህ። ገጸ ባሕርያቱ ሲነጋገሩ በጣም ይረዳል።

ዓርብ

ሳሙኤልን አስገባሁ። የሰሎሞን ልጅ ነው። ሆን ብዬ በሰ የሚጀምር ስም ነው የሰጠሁት፤ ግጭቱን ማየት ስለፈለግኩ።

ስሙ ላይ ትንሽ ሥራ ነበረ። "ኡ" እና "ኤ" ጎን ለጎን ከቆሙ ሎዥባን "ዌ" አድርጎ ያነባቸዋል። መሀላቸው ስስ "ሀ" ገባች፦ ሳሙሄል።

ላ ፡ሳሙሄል፡ ተብሎ እንደተጠራ ሰ፡ ከሰሎሞን እጅ ወጣ። መጨረሻ የተጠራው በሰ የሚጀምር ሰው አሁን ልጁ ነው። ቀጥዬ ሰ፡ ሽሚላ ብል የሚስቀው ልጅየው ነው። አባትየው ሳያውቅ ስሙን ተቀማ። ለዚህ መፍትሔ አንድ በአንድ ሞከርኩ።

አንደኛው አባትየውን ከመጀመሪያው ማሰር ነው። ላ ፡ሰሎሞን፡ ጎይ ሰ፡። ከዚያ በኋላ ማንም በሰ የሚጀምር ሰው ቢመጣ ሰ፡ የአባትየው ናት። ለዋና ገጸ ባሕርይ ይሄ ግድ ነው ባይ ነኝ። አንባቢውም ጎይን ሲያይ "ይሄ ሰው ይቆያል" ይላል። ልጁ ግን አሁንም ፊደል የለውም።

ሁለተኛው ፊደል መደርደር ነው። ሰለ፡ ለሰሎሞን፣ ሰመ፡ ለሳሙኤል። ያ ሐሙስ ያስቸገረኝ መጣበቅ እዚህ ጥቅም ሰጠ። በብዛት ይሄ ጥቅም ላይ የሚውለው ሙሉ ስም ላለው ሰው ነው፤ የራሱና የአባቱ ስም መጀመሪያዎች ተደርድረው። ከአንድ ስም ውስጥ ሁለት ፊደል መርጦ ማውጣት ግን አንባቢው በራሱ የሚገምተው ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ጎይ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ትልቅና ትንሽ ፊደል ነው። "ታው" የምትባል ቃል ከአንድ ፊደል በፊት ስትገባ ያንን ፊደል ብቻ ወደ ትልቁ ቅርጹ ትቀይረዋለች። አባትየውን ታው ሰ፡፣ ልጁን ሰ፡ ማለት ይቻላል። ትልቁ ሰና ትንሹ ሰ! ሐሳቡ ሲሰሙት ያስቃል። ግን አንዴ ታውን ከረሳህ አባትየው ልጅ ሆነ። ግዕዝ ላይ ደግሞ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለ ለዓይን ምንም አይታይም። ተውኩት።

አራተኛው ቁጥር ነው። ለሁለት ውሾች በጣም ጥሩ ሆኖ አገኘሁት፦ ገ፡ ፓ እና ገ፡ ሬ፣ ውሻ አንድና ውሻ ሁለት። ለሰው ግን "ሰ አንድ፣ ሰ ሁለት" ማለት የእስረኛ ቁጥር ይመስላል።

የወደድኩት አምስተኛውን ነው። ፊደሉን ከስሙ ሳይሆን ከማንነቱ መውሰድ። ላ ፡ሳሙሄል፡ ኖይ ቬርባ ዚሄ ጎይ ቨ፡። "ሳሙኤል፣ ልጅ የሆነው፣ ቨ የምንለው።" ቬርባ ልጅ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ቨ፡ በተባለ ቁጥር ሕፃንነቱ አብሮ ይመጣል። ጎይ ባትኖር ቨ፡ በራሷ ወደ ሳሙኤል አትሄድም፤ የተጠራው በሳሙሄል ነውና። አንዴ ከታሰረች ግን ከሰመ፡ ይልቅ ትዘልቃለች።

ታሪኩ የራስህ ከሆነ እርግጥ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ነገር አለ፦ ስም ስታወጣ ፊደሉን አይተህ አውጣ። አራት ሰው ካለህ አራቱም በተለያየ ፊደል ይጀምሩ። ከዕቃዎቹም ጋር እንዳይጋጩ። ውሻ ባለበት ታሪክ ውስጥ ገብርኤል የሚባል ሰው አታስገባ፤ ድመት ባለበት ማርታን አታስገባ፣ ድመት "ምላቱ" ነውና። በአናባቢ የሚጀምር ስምም ያስረዝማል። አስቴር ብትኖር ፊደሏ "ኣቡ" ነው፤ አንድ ቀለም የነበረው ሁለት ሆነ። የሌላ ሰው ታሪክ እየተረጎምክ ከሆነ ግን ስም የመምረጥ መብት የለህም። ያኔ ወደ ጎይ።

ቅዳሜ

"ቡ"ን ስነካካ ዋልኩ። ቡ ማንኛውንም ቃል ማለት ይቻላል ወደ ፊደልነት ትቀይራለች። ኣቡ ራሷ የተሠራችው እንዲያ ነው፤ "ኣ" እና "ቡ"። ፊደል የሆነ ነገር ሁሉ ተውላጠ ስም መሆን ስለሚችል፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ ማለት ነው።

ስምን በቡ ሞከርኩ፦ ፡ማርታስ፡ ቡ። ይሠራል። "ላ" ቀረች፣ "ቡ" መጣች፤ ትርፍ የለውም። ጌርኩ ቡም እንዲሁ፤ ከሎ ጌርኩ አያጥርም።

ትርፉ ያለው ስሜት ላይ ነው። ሎዥባን ስሜትን የሚገልጹ ትንንሽ ቃላት አሉት። "ዩ" ፍቅር ነው። "ኦይ" ምሬት ነው። "ዊ" ደስታ ነው፤ ዊ ቡ የፈገግታ ምልክት ሆና ታገለግላለች። እና እንዲህ አልኩ፦ ላ ፡ማርታስ፡ ጎይ ፡ዩ ቡ። ከዚያ ወዲያ ማርታ ዩ ቡ ናት። ፡ዩ ቡ ሺስካ ሎ ሽኒኖ ኻትራ፤ አዲስ ደብዳቤ ጻፈች። ሰዋስው እዚህ ላይ ፍቅር አያይም። ቡ ስሜቱን ውጣ ምልክት ብቻ አድርጋዋለች። አንባቢው ግን ተራኪው ማርታን እንደሚወዳት ገብቶታል። አንድም ጊዜ ሳልናገረው! ቡ ከተረሳች ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ተራኪው ራሱ በአደባባይ "ዩ" ብሎ ስሜቱን አወጣ፣ ጸሐፊዋም ጠፋች።

ውሻውን ኦይ ቡ ልለው አማረኝ። ተውኩት። አንድ ሰው ላይ ሲሆን ቅኔ ነው፣ ሁሉም ላይ ሲሆን ቀልድ ይሆናል። ውሻው ገ፡ ሆኖ ይቀጥል።

አዲሱ ደብዳቤ ግን አዲስ ጥያቄ ይዞ መጣ። "ሎ ሽኒኖ ኻትራ" የሚጀምረው በሸ ነው ወይስ የሚቆጠረው ዋናው ቃል ኻትራ ነው? አሮጌው፣ ማለትም ውሻው ሆድ ውስጥ ያለው፣ ኸ፡ ነበር። ሁለቱን ደረደርኳቸው፦ ጎይ ሸኸ፡። አሮጌውንም ወደ ኋላ ተመልሼ ጎይ ኸ፡ ብዬ አሰርኩት። አሁን ኸ፡ የተበላው ነው፣ ሸኸ፡ ያልተበላው።

ሌላ አንድ ነገር። ስሷ "ሀ" የራሷ ፊደል ስም አላት፦ ኧሀ። (እዚህ "ሀ" እንደ ግዕዝነቷ ላላ ብላ ትነበብ፤ እኛ አፋችን ወደ "ሃ" ስለሚወስዳት ነው።) በዚህች ድምፅ የሚጀምር ቃል ሎዥባን ውስጥ የለም። ስለዚህ ኧሀን በልማድ ሊነጥቃት የሚችል ሰውም ዕቃም የለም። ሁሌ ባዶ ናት። ስሙ ገና ላልተገለጠ ሰው፣ ለምሳሌ በሩን እያንኳኳ ላለ እንግዳ፣ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። ታሪኬ ውስጥ በር የሚያንኳኳ ሰው ማስገባት እንዳለብኝ እያሰብኩ ነው፤ ለእሷ ስል ብቻ።

እሑድ

የቀረኝ "እነሱ" ነው። ዳዊትና ሰሎሞን መጨረሻ ላይ አብረው ይስቃሉ።

ደ፡ ዦሁ ሰ፡ ሽሚላ ማለት ይቻላል፤ "ዦሁ" ሁለቱን አንድ ላይ ታደርጋለች። መሀላቸው ቃል ስላለ ቦይ አያስፈልግም። ለአንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። እኔ ግን ከዚያ በኋላም አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ማርታን ይፈልጋሉ። ለጥንዱ አንድ ተውላጠ ስም ያስፈልገኛል።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል። ደ፡ ዦሁ ሰ፡ ጎይ ኮሃ ካልኩ ጎይ የምትይዘው አጠገቧ ያለውን ሰ፡ን ብቻ ነው። ኮሃ ሰሎሞን ብቻ ይሆናል፣ ዳዊት ውጭ ቀረ። ሁለቱንም እንድትይዝ ከጎይ በፊት "ቩሆ" መግባት አለባት፦ ደ፡ ዦሁ ሰ፡ ቩሆ ጎይ ኮሃ። ወይም መገልበጥ፦ ኮሃ ጎይ ደ፡ ዦሁ ሰ፡። ጎይ ከየትም ብትጀምር ግድ የላትም ብዬ አልነበር? መገልበጡ ይቀላል።

ከዚያ ኮሃን አወጣሁና በቦታዋ ሁለቱን ፊደሎች አጣብቄ አስገባሁ፦

፡ኢ ደሰ፡ ጎይ ደ፡ ዦሁ ሰ፡ ሹ ሽሚላ

ደሰ ማለት ዳዊትና ሰሎሞን አንድ ላይ ናቸው። ሳቁ። ደ፡ ዳዊት ብቻ ነው፣ ሰ፡ ሰሎሞን ብቻ ነው፣ ደሰ፡ ሁለቱም። ስሙ ራሱ ማን ማን እንዳለበት ይናገራል። ፕሮግራሙ አለፈ አለ፤ እሱ መቼም ይላል። ጮክ ብዬ ሳነበውም አልጎረበጠኝም፤ ለእኔ የሚበልጠው ይሄ ነው።

ሳሙኤል ሲጨመርባቸው ደሰቨ፡ ይሆናሉ። ይሄም ይነበባል። ማርታ ስትመጣ ግን በፊደል አልቀጥልም፤ እሷ ዩ ቡ ስለሆነች ድርድሩ ደሰቨዩቡ ይሆናል፣ ይሄን ማንም በአንድ ትንፋሽ አያነበውም። አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ኮሃ ትግባ። በታሪኩ ሁሉ ያለችው ኮሃ እሷ ብቻ ስለሆነች ማንም አይረሳትም።

የቀረው በር አንኳኪው ነው። ነገ ማታ።